ዱባይ ያደርኩበት ሆቴል ከተመለስኩ በኋላ ከካርዴ ቆረጠብኝ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦

«ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጨ ኮንዶሚኒየም ነው። ከዱባይ የሴቶች ልብስ እያመጣሁ እሸጣለሁ። ዘንድሮ ለጥምቀት የሚሆን ዕቃ ላመጣ ጥር 1 ሄጄ ጥር 6 ተመለስኩ። ደይራ ውስጥ ባለ 4 ኮከብ ሆቴል 5 ሌሊት ነው ያደርኩት። ክፍሉን በስልኬ አስይዤ 1,500 ድርሃሙን አስቀድሜ ከፍያለሁ። ስገባ ደግሞ 500 ድርሃም ዲፖዚት ብለው ከካርዴ ላይ ያዙ። ስወጣ ቁልፉን መለስኩ፣ አመሰገኑኝ፣ ሄድኩ። አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ሌላ 460 ድርሃም ተቆረጠ የሚል የስልክ መልእክት ደረሰኝ። 500ውም አልተመለሰም። ሆቴሉን ስጠይቅ የሂሳብ ዝርዝር ላከልኝ። የቱሪዝም ድርሃም 75፣ ዘግይቶ መውጣት 150፣ ሚኒባር 85፣ የአልጋ ልብስ ጉዳት 150 ይላል። ሚኒባሩን፣ ክፍሉ ውስጥ ያለውን የመጠጥ ፍሪጅ፣ አልከፈትኩም። አንሶላም አላበላሸሁም። የወጣሁትም እንደነገሩኝ ከ12 ሰዓት በፊት፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እዚህ ሰፈር ያለው የባንኬ ቅርንጫፍ እኛን አይመለከትም፣ ጠብቂ አለኝ። ወር ሊሞላኝ ነው። ሙሉ ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ሙሉውን አትችዪም። አብዛኛውን ግን ትችያለሽ።

አሁን ከእጅሽ የራቀው በጠቅላላ 960 ድርሃም ነው። የላክሽልኝን የሂሳብ ዝርዝር መስመር በመስመር አይቼዋለሁ። በእኔ ግምት ከዚህ ውስጥ 735ቱ ያንቺ ነው። 150ው በትህትና ከጠየቅሽ ሊገኝም ላይገኝም ይችላል። 75ቱን እርሺው። ዱባይ ውስጥ በሆቴል ሂሳብ ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። አሁንም እዚሁ አዲስ አበባ የምሠራው የሆቴል ሂሳብ ነው። ከሁለቱም ወገን ያየሁት ነገር አንድ ነው፤ እንግዳ የሚሸነፈው ሁሉንም በአንድ ላይ አልከፍልም ሲል ነው። ሆቴሉ በቀላሉ የሚያስረዳትን አንዷን መስመር ያነሳና በእሷ ዳፋ እውነተኛው ቅሬታ አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ ሂሳቡን እንለያየው።

ከ500ው ልጀምር፤ ትልቁም ቀላሉም እሱ ነው። ይህ ገንዘብ ክፍያ አይደለም። ሆቴሉ ባንክሽን «ይህን ያህል ለይታችሁ አቆዩልኝ» ብሎ ያስያዘው ነው። ወደ ሆቴሉ አልሄደም፣ አንቺም አታዝዢበትም፣ መሀል ላይ ታስሮ ቁጭ ብሏል። ችግሩ በስልክ የሚመጣው መልእክት ብዙ ጊዜ መያዣውንም ክፍያውንም በአንድ ቃል «ተቀንሷል» ማለቱ ነው። ልዩነቱን የምታይው ስቴትመንት ስታስወጪ ነው። 460ው የተወራረደ ሂሳብ ሆኖ ይታያል። 500ው ግን ወይ በመጠባበቅ ላይ ይላል፣ ወይ ከነጭራሹ ስቴትመንቱ ላይ አይኖርም፤ ያለሽ ሂሳብና የምታዝዢበት ሂሳብ ግን በዚያው ልክ ይለያያሉ።

በደንቡ ቢሆን ሆቴሉ 460ውን ከያዘው 500 ላይ ወስዶ 40ውን መልቀቅ ነበረበት። አንቺ ላይ የደረሰው ግን መያዣውን እንደታሰረ ትቶ በካርድ ቁጥርሽ አዲስ ክፍያ መቁረጥ ነው። ይህ ብዙ ሆቴል ውስጥ የሚታይ ግዴለሽነት ነው። ክሬዲት ካርድ የያዘ ሰው ላያስተውለው ይችላል፤ የሚቀነስበት ከብድር ጣሪያው ነውና። ያንቺ ካርድ ግን ቀድመሽ ዶላር የሞላሽበት ነው። የታሰረው በላብሽ ያገኘሽው ገንዘብ ነው። 500 ድርሃም 136 ዶላር ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ፣ የምንዛሬው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ማለቴ ነው፣ 136 ዶላር በብር ሲመታ ስንት ቀሚስ እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

መያዣው ለዘላለም አይቆይም። የካርድ ኩባንያዎቹ፣ ቪዛና ማስተርካርድ፣ ለሆቴል የሚፈቅዱት እስከ 30 ቀን ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ባንኩ ሊለቀው ይገባል። ወር ሊሞላሽ ስለሆነ ምናልባት ይህን ስታነቢ ተለቅቆ ይሆናል። ካልተለቀቀ ግን ዝም ብለሽ አትጠብቂ። ሆቴሉን የመልቀቂያ ደብዳቤ ጠይቂው። ደብዳቤው ላይ የካርድሽ የመጨረሻ 4 ቁጥሮች፣ የተያዘው መጠን፣ የተያዘበት ቀን እና ባለ 6 አሃዝ የማጽደቂያ ኮዱ መኖር አለባቸው። ኮዱ ስትገቢ ከማሽኑ ወጥቶ በተሰጠሽ ትንሽ ወረቀት ላይም አለ። ይህን ደብዳቤ ለባንክሽ የካርድ ክፍል ስትሰጪ መያዣውን ከእነሱ ዘንድ ማንሳት ይችላሉ። ኮድ የሌለበት «ለቀነዋል» የሚል ኢሜይል ብቻ ከመጣልሽ ግን አትቀበዪው። ባንኩ ምንም አያደርግበትም።

አሁን ወደ 460ው።

75ቱ ትክክል ነው። የቱሪዝም ድርሃም ዱባይ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከእያንዳንዱ ክፍል በየሌሊቱ የሚሰበሰብ የመንግሥት ክፍያ ነው። እንደ ሆቴሉ ደረጃ ከ7 እስከ 20 ድርሃም ይደርሳል። ለባለ 4 ኮከብ 15 ነው። 15 በ5 ሌሊት 75። ክፍል ማስያዣ መተግበሪያዎች ይህን አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ውስጥ አያስገቡትም። ከታች በደቂቅ ፊደል «ሆቴሉ ዘንድ የሚከፈል» ይሉታል። የማረጋገጫ ኢሜይልሽን ከፍተሽ እየው። ሁሉም ክፍያ ተካቷል የሚል ካገኘሽ ያንን ለመተግበሪያው ድርጅት አቅርቢ። ካላገኘሽ 75ን ጨርሶ አታንሺው።

150ው የዘገየ መውጫ ላይ ደግሞ የተፈጠረው የሰዓት ነገር ነው። እነሱ ያሉሽ «12» የቀኑ እኩለ ቀን ነው፤ በእኛ 6 ሰዓት። አንቺ የሰማሽው የማታውን 12 ነው። ከዚህ ተነስቶ ለሚሄድ ነጋዴ ይህ በጣም የተለመደ ነው፤ በተለይ አውሮፕላኑ ማታ ሲሆን 12 ሰዓት መውጣት የሚመች ስለሚመስል ማንም አይጠራጠርም። የላክሽው ዝርዝር ላይ የዘገየ መውጫው የተመዘገበው ጃንዋሪ 14 ከቀኑ 17:40 ላይ ነው። አንቺ ደግሞ 11 ሰዓት ተኩል ወጣሁ ብለሻል። በእነሱ አቆጣጠር 17:30 ማለት ነው። ይገጥማል። የክፍሉ ቁልፍ ካርድም በር የተከፈተበትን ሰዓት ይመዘግባል፤ ቢከራከሩሽ አውጥተው ያሳዩሻል። የአንድ ሌሊት ዋጋሽ 300 ስለሆነ ግማሹን 150 አስከፍለዋል። እስከ ማታ 18:00 ግማሽ ቀን ማስከፈል የብዙ ሆቴሎች አሠራር ነው።

ስለዚህ ይህ መስመር ላይ ጥፋት የለባቸውም፤ ግን አልነገሩሽም። ሰው ክፍል ውስጥ ከቀትር በኋላ ሲቆይ ስልክ ደውሎ «ክፍያ አለው፣ ትቆያለሽ ወይ» ማለት የሪሴፕሽን ሥራ ነው። የተረዳሽበትን መንገድ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረጅና እንዲተውልሽ ጠይቂ። በየጥቂት ወሩ የምትመለሺ ነጋዴ መሆንሽንም ጻፊ። ሥራ አስኪያጁ ይህን የመሰረዝ ሥልጣን አለው፤ ተመላሽ ደንበኛ ላለማጣት ሲሰርዙም አይቻለሁ። እምቢ ካሉ ግን ወደ ባንክ ይዘሽው አትሂጂ።

ዋናው ነገር ሚኒባሩና አንሶላው ነው። 85 እና 150፣ ድምሩ 235 ድርሃም።

ዝርዝሩን እንደገና አውጥተሽ ከግራ በኩል ያለውን የቀን ዓምድ ተመልከቺ። ሌሎቹ መስመሮች ላይ ጃንዋሪ 14 ይላል። ሚኒባሩ ግን ጃንዋሪ 15፣ 14:10 ነው። የአልጋ ልብሱ ጃንዋሪ 15፣ 14:12። በሁለት ደቂቃ ልዩነት፣ በአንድ ሠራተኛ መለያ ኮድ። አንቺ ጃንዋሪ 14 አመሻሽ ላይ ወጥተሻል። ማለትም ክፍሉን ለቀሽ ከሄድሽ ከ20 ሰዓት በላይ በኋላ ነው የተጻፈብሽ።

የሆቴል አሠራር እንዲህ ነው። እንግዳ ሲወጣ የክፍል ጽዳት ሠራተኛ ወዲያው ገብታ ሚኒባሩን ትቆጥራለች፣ አንሶላና ፎጣ ታያለች፣ ጉዳት ካለ ለተቆጣጣሪዋ ትጠራለች፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሪሴፕሽን ይነገረዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው እንግዳው ገና ሎቢ ውስጥ ሆኖ ወይም ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ነው። ደይራን የመሰለ የነጋዴ ሰፈር ውስጥ ደግሞ በጥር ወር ክፍል ባዶ አያድርም። ማታ ተጠርጎ ለሌላ እንግዳ ይሰጣል። በማግስቱ ከቀትር በኋላ የተገኘ ጉድለት ያንቺ መሆኑን በምን ያውቃሉ? ጃንዋሪ 14 ሌሊት ያ ክፍል ለሌላ ሰው ተሸጦ ነበር ወይ ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። የሌላ እንግዳ ስም አይነግሩሽም፤ መጠየቅም የለብሽም። ግን ይህ ጥያቄ የሂሳብ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ምን ማለት እንደሆነ እሱ ያውቀዋል።

ሚኒባሩ ላይ የሚያስፈልግሽ የቆጠራ ወረቀቱ ነው። የትኛው ዕቃ፣ ስንት፣ በስንት ሰዓት፣ ማን ቆጠረው የሚለው። «ሚኒባር 85» ብሎ በጅምላ መጻፍ ማስረጃ አይሆንም። አንድ ነገር ግን ራስሽን ጠይቂ። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው የነፃ ውሃ አለ፤ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ውሃ ደግሞ በዋጋ ነው። ከፍሪጁ አንድ ውሃ ጠጥተሽ ከሆነ «ውሃ ጠጥቻለሁ፣ ሌላውን አላውቅም» ብለሽ ጻፊ። ሐቁን በመናገርሽ አትጎጂም፤ የቀረው ክርክርሽ ይጠነክራል። የራስሽን ዕቃ ለማቀዝቀዝ የእነሱን አውጥተሽ መልሰሽ ከሆነም ተናገሪ። አንዳንድ ፍሪጅ ዕቃ ሲነሳ በራሱ የሚቆጥር ነው።

የአልጋ ልብስ ጉዳቱ ላይ ያለሽ አቋም ከሁሉም የጠነከረ ነው። የጉዳት ክፍያ እንደ ምሳና እንደ ልብስ እጥበት ዝም ብሎ በተመዘገበ ካርድ ላይ የሚጫን ነገር አይደለም። በማስተርካርድ ደንብ ሆቴል ለጉዳት ሲያስከፍል ለብቻው የተለየ ክፍያ አድርጎ፣ መጠኑን ለእንግዳው አሳውቆ፣ እንግዳው ከተስማማ በኋላ ነው። አንቺን ማንም አልጠየቀሽም፣ አልተስማማሽም፤ ይባስ ብሎ ከሌላው ሂሳብ ጋር በ460 ውስጥ ቀላቅለውታል። ካርድሽ ቪዛም ቢሆን ፎቶ፣ የጽዳት ክፍሉን ሪፖርት እና የዋጋውን መነሻ ከመጠየቅ የሚያግድሽ የለም። መቼም አንሶላ በሆቴል የልብስ ማጠቢያ ውስጥ ቡናም ዘይትም ይለቅቃል። ታጥቦ የለቀቀ አንሶላ 150 ድርሃም አያስከፍልም።

አሁን ኢሜይሉን እንጻፍ። በመተግበሪያው መልእክት ብቻ አትለፊ። ለሂሳብ ክፍሉና ለሪሴፕሽን ኃላፊው በአንድ ላይ ይድረስ። ስምሽን ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው ሙሉውን ጻፊ። እነሱ አንቺን በአያትሽ ስም መዝግበውሽ ይሆናል፤ በራስሽ ስም ብቻ ከጻፍሽ «እንዲህ የሚባል እንግዳ የለንም» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። የማስያዣ ቁጥርና የክፍል ቁጥር ጨምሪ። ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሰዓቱን በ24 ሰዓት አጻጻፍ አድርጊ። ጥር 6 ብለሽ ከጻፍሽ ወይም የማታ 12 ካልሽ ሌላ ክርክር ትከፍቻለሽ። እንግሊዝኛው ከከበደሽ የሚከተለውን ለሚረዳ ሰው ሰጥተሽ አስተርጉሚው። አጭር መሆኑ ሆን ተብሎ ነው።

«ከጃንዋሪ 9 እስከ 14 እናንተ ዘንድ አርፌ ነበር። ጃንዋሪ 15 ከካርዴ ላይ 460 ድርሃም ወስዳችኋል። የቱሪዝም ድርሃሙን 75 እቀበላለሁ። ዘግይቶ መውጣቱ ክፍያ እንዳለው በወቅቱ አልተነገረኝም፤ የመውጫውን ሰዓት በሀገሬ አቆጣጠር ተረድቼው ነው፤ 150ውን እንድትተዉልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሚኒባር 85 እና የአልጋ ልብስ ጉዳት 150 ግን አልቀበልም። ሁለቱም የተመዘገቡት ከወጣሁ በማግስቱ 14:10 እና 14:12 ላይ ነው። ከመቁረጣችሁ በፊት አልተነገረኝም፣ አልተስማማሁም። የቆጠራውን ወረቀት፣ የጉዳቱን ፎቶ ከነቀኑ፣ የጽዳት ክፍሉን ሪፖርት እና ጃንዋሪ 14 ሌሊት ክፍሉ ተይዞ እንደነበር ወይም እንዳልነበር ላኩልኝ። ማስረጃ ከሌለ 235 ድርሃም በዚያው ካርድ መልሱልኝ። እንዲሁም የ500 ድርሃሙን መያዣ መልቀቂያ ደብዳቤ ከማጽደቂያ ኮዱ ጋር ላኩልኝ። በ7 ቀን ውስጥ መልስ እጠብቃለሁ።»

ስድብ የለበት፣ ልመና የለበት። «ሌቦች ናችሁ» የሚል ኢሜይል ሆቴል ውስጥ የሚያደርሰው ጉዳት ለጸሐፊው ብቻ ነው። መልስ የሚሰጥሽ ሰው ብዙ ጊዜ በማታ ፈረቃ ላይ ያለ፣ እንዳንቺው ከሀገሩ ርቆ የሚሠራ ወጣት ነው። ፋይሉን ለአለቃው የሚያቀርበው እሱ ነው። ነገሩን ባቀለልሽለት መጠን ቶሎ ያቀርበዋል።

አብሮ የሚጠየቅ አንድ ነገር አለ። የላኩልሽ ወረቀት የታክስ ደረሰኝ መሆን አለመሆኑን እይ። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ 5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ትሰበስባለች። ትክክለኛው ደረሰኝ የሆቴሉን ባለ 15 አሃዝ የግብር ምዝገባ ቁጥር ይይዛል። ያንቺ ላይ አላየሁትም። ስለዚህ ሙሉ የታክስ ደረሰኙን ጠይቂ። ደረሰኝ ሊቆርጡበት የማይደፍሩት ክፍያ ካለ በዚሁ ይገለጣል።

7 ቀኑ ካለፈ ወይም መልሱ እጅ እግር ከሌለው ወደ ባንክ ትሄጃለሽ። ቅርንጫፍሽ «አይመለከተንም» ያለሽ ልክ አይደለም። ካርዱን የሰጠሽ ባንክሽ ነው፤ ከሆቴሉ ባንክ ጋር በካርድ ኩባንያው በኩል መከራከር የሚችለውም እሱ ብቻ ነው። ግን እውነቱን ለመናገር የቅርንጫፍ ሠራተኞች ይህን ሥራ ብዙ አያውቁትም። የሚሠራው ዋናው መሥሪያ ቤት ያለው የካርድ ክፍል ነው። ከኮዬ እስከ ሰንጋ ተራ ያለውን መንገድና የታክሲ ሰልፍ አውቀዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ የሚኬድ አይደለም። ስለዚህ አስቀድመሽ ደውዪና ዲስፒዩት ፎርሙን፣ ማለትም የክፍያ ክርክር ማቅረቢያ ቅጹን፣ በኢሜይል እንዲልኩልሽ ጠይቂ። እዚያው ሰፈርሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አትመሽ፣ ሞልተሽ፣ የሆቴሉን ዝርዝር፣ የተላላክሽውን ኢሜይል፣ የማስያዣ ማረጋገጫውንና ስቴትመንቱን አያይዘሽ ሂጂ። ሲቀበሉሽ ቀንና ማኅተም ያለበት ቅጂ ሳትይዢ ከዚያ አትውጪ።

ፎርሙ ላይ ምክንያት የሚመረጥበት ቦታ አለ። እዚህ ላይ እባክሽ ተጠንቀቂ። ብዙ ሰው «ይህን ክፍያ አላውቀውም» የሚለውን ይመርጣል። ያ ማለት ካርዴ ተሰርቋል ማለት ነው። ካርድሽ ይዘጋል። ሆቴሉ ደግሞ የፈረምሽበትን የመግቢያ ቅጽ ከፓስፖርትሽ ቅጂ ጋር ይልካል፣ ክርክሩም በዚያው ያልቃል። አንቺ ሆቴሉ ውስጥ አድረሻል። ጥያቄሽ የተወሰደው መጠን ልክ አይደለም፣ ያልተስማማሁበት ክፍያ ተጨምሯል የሚል ነው። የምትጠይቂውም መጠን 235 ድርሃም ነው፤ 460 አይደለም። ከአንድ ክፍያ ላይ በከፊል መከራከር ይቻላል። ሠራተኛው «ሙሉውን ነው የሚሞላው» ቢልሽ እንዲያጣራ በትህትና ንገሪው።

የጊዜ ገደቡንም ያዢ። ለእንዲህ ዓይነት ክርክር ቪዛ በአብዛኛው 120 ቀን ይሰጣል፤ ማስተርካርድ ግን ለአንዳንዱ ምክንያት 90 ቀን ብቻ ነው። 120ው ከጃንዋሪ 15 ሲቆጠር ሜይ 15፣ በእኛ ግንቦት 7 ላይ ይሞላል። ባንክሽ ግን የራሱ አጠር ያለ ገደብ ሊኖረው ይችላል፤ ለሥራውም ቀናት ያስፈልጉታል። ስለዚህ መጋቢትን አታሳልፊው። ባንኩ ፎርም አልቀበልም ቢል ወይም ተቀብሎ ዝም ቢል በጽሑፍ ለባንኩ የቅሬታ ክፍል አመልክቺ። ብሔራዊ ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ መሠረት ባንኮች ቅሬታ የሚቀበሉበት ሥርዓት እንዲኖራቸው ግዴታ አለባቸው። ይህን ጠቅሰሽ ስትጽፊ አነጋገራቸው ይለወጣል።

ጎን ለጎን ዱባይ ውስጥም በር አለ። የዱባይ የኢኮኖሚና ቱሪዝም መምሪያ ሆቴሎችን ፈቃድ የሚሰጥ አካል ነው። በሥሩ የሸማቾች ጥበቃ ተቋም አለ፤ ቅሬታ በኢንተርኔት ይቀበላል። ሀገሪቱ ውስጥ መኖር አያስፈልግሽም። ሆቴሎች ከባንክ ደብዳቤ ይልቅ የዚህን መሥሪያ ቤት ስልክ ይፈራሉ። እኔ ግን መጀመሪያ ለሆቴሉ ዕድል ስጪው እላለሁ። ኢሜይሉ ደርሶ ሳይመልሱ ከሆነ ቅሬታሽ የበለጠ ክብደት ይኖረዋል። ቆንስላችን ደጃፍ ግን በዚህ ጉዳይ አትድከሚ። የእነሱ ሥራ ፓስፖርትና የዜጎች ችግር ነው፤ የሆቴል ሂሳብ አያዩም።

ገንዘቡ ሲመለስ የሚመጣው በዚያው ካርድ ነው። ስለዚህ ካርዱን አትዝጊው፣ የአገልግሎት ጊዜው ሊያልቅ ከሆነም ለባንኩ አስቀድመሽ ንገሪ። ሂሳቡን በቀላሉ ማመሳከር ትችያለሽ። ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.6725 ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታሰረ ነው። 460ን ለዚህ ስታካፍዪ 125.26 ዶላር ይመጣል። ስቴትመንትሽ ላይ ከዚህ ብዙ ከፍ ያለ ካየሽ ትርፉ ወይ የባንክሽ የውጭ ግብይት ኮሚሽን ነው፣ ወይ የሆቴሉ ማሽን በራሱ ምንዛሬ በዶላር ቆርጦብሻል። ሁለተኛው ከሆነ እሱንም ኢሜይሉ ላይ ጨምሪው። ማሽን «በዶላር ወይስ በድርሃም» ብሎ ሲጠይቅሽ ሁልጊዜ ድርሃም በይ።

ለሚቀጥለው ጉዞሽ ብዙ አልልም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚሆነው አንድ ነገር አለ፤ ስትወጪ ቁልፍ ሰጥተሽ አትሂጂ። «የመጨረሻ ሂሳቤን አትሙልኝ» በይ። ከታች ቀሪ ሂሳብ ዜሮ የሚል ወረቀት እስኪሰጡሽ ቁሚ። ሁለት ሻንጣና የታሰረ ካርቶን ይዘሽ፣ ታክሲ ውጭ እየጠበቀሽ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ ወረቀቱን ሻንጣ ከማውረድሽ በፊት ጠይቂ። ክፍሉን ከመልቀቅሽ በፊት አልጋውን፣ መታጠቢያውንና የፍሪጁን ውስጥ በስልክሽ ቅረጪ፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ሚኒባሩ እንዲወጣልሽ ወይም እንዲቆለፍልሽ ስትገቢ መጠየቅ ትችያለሽ። ዲፖዚቱንም ሆቴሉ ከፈቀደ በካርድ ሳይሆን በጥሬ ድርሃም አስይዘሽ ደረሰኝ ተቀበዪ። እንዳንቺ ዶላር ሞልቶ ለሚጓዝ ሰው ይህ ይሻላል፤ ስትወጪ እዚያው እጅሽ ላይ ይመለሳል፣ ማንም ወር አያስጠብቅሽም። የመግቢያ ቅጹን ስትፈርሚ ደግሞ የመውጫ ሰዓቱ የተጻፈበትን መስመር በጣትሽ አሳይተሽ «ቀን ነው ማታ?» ብለሽ ጠይቂ።

ኢሜይሉን ዛሬ ማታ ላኪው። መልስ ሲመጣልሽ የካርድ ቁጥርሽን ሸፍነሽ ላኪልኝ፤ የቆጠራ ወረቀት ብለው የሚልኩትን አብረን እናየዋለን።